የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ፦ ዛሬ ሲስተርን ጠይቁ

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ልጄም ተኝቶልኛል፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ለአዲሶች፣ ብዙ ዓመት ነርስ ሆኜ ሰርቻለሁ ግን እዚህ የምመልሰው ይበልጥ በእናትነቴ ነው። ልጄ 17 ዓመቱ ነው፣ ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር ሲፒ (ሴሬብራል ፓልሲ፣ ጭንቅላት ተጎድቶ እንቅስቃሴን የሚያውክ) አለው፣ አይራመድም፣ ከ8 ወሩ ጀምሮ ደግሞ ይጥለዋል። ዶክተር አይደለሁም፣ ስንት ሚሊግራም ልስጠው የሚል ጥያቄ አልመልስም። ሁሌ የምለውን አስቀድሜ ልበልና እንጀምር፦ መድሃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።

የማክዳ እናት፦ ሲስተር ልጄ ይጥላታል ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እህቴ ስንት ዓመቷ ነው? ከመቼ ጀምሮ? መድሃኒት ጀምራለች? ሲጥላት ምን ትሆናለች? እንደዚህ ተጠይቆ ምን ብዬ ልመልስ። ሙሉ አድርገሽ ጻፊልኝ።

አባ ሚኪ፦ ሲስተር ልጃችን 5 ዓመቱ ነው፣ ሲፒም አለው እንዳንቺው ልጅ። ፊኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል መድሃኒት ከጀመረ 7 ወር አልጣለውም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ፈዞብናል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሚስቴ ከተሻለው ይቁምለት ትላለች፣ እኔም ልቤ እየተከፈለ ነው።

ሲስተር፦ አባ ሚኪ ቁጭ በልና አንብበው፣ ለሚስትህም አንብብላት። የኔም ልጅ 6 ዓመት ሊሞላው ሲል 9 ወር ሙሉ አልጣለውም ነበር። ነርስ ነኝ አይደል፣ አውቃለሁ አይደል፣ ማንንም ሳልጠይቅ መጀመሪያ ግማሽ አደረግኩት፣ ከዛ ደግሞ የፋሲካ ግርግር ሆነና አንድ ሁለት ቀን ዘለልኩት። ቅዳሜ ሹር ሌሊት የዶሮ ወጡን ሽንኩርት እያቁላላሁ አልጋው ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ስገባ ዓይኑ ተገልብጧል። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ፣ አይቆምም። ታክሲ የለም፣ ሰው ሁሉ ቤተክርስቲያን ነው፣ የጎረቤት ልጅ በቪትዝ ወሰደን፣ ሆስፒታል ገብቶ እስኪቆም 40 ደቂቃ አልፎታል። 11 ቀን ተኛን። ከዛ በፊት «እማ» የምትል አንዲት ቃል ነበረችው፣ ከዛ በኋላ 2 ዓመት አልሰማኋትም። ሽንኩርቱ አርሮ ድስቱ ከነጥላሸቱ አሁንም አለ፣ አልጣልኩትም።

ስለዚህ ያልጣለው ተሽሎት ሳይሆን መድሃኒቱ ይዞት ነው። ማቆም አለ፣ ግን የሚያቆመው ሐኪሙ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ያህል ምንም ሳይጥለው ከቆየ በኋላ፣ እሱም በወራት ቀስ እየተባለ እየተቀነሰ። እንደኛ ልጆች ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት ላለባቸው ደግሞ ሐኪሞቹም አይቸኩሉም። መፍዘዙ እውነት ነው፣ ፊኖ ያስተኛል፣ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ቅብጥብጥ ያደርገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይብሳል፣ በ7 ወሩም ካልለቀቀው ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሌላ መድሃኒት ይቀይርላችኋል። ሲቀየርም አዲሱ ገብቶ ሲይዝ ነው አሮጌው የሚወጣው፣ በአንድ ቀን አይደለም።

እና 50 ሉክ ደብተር ግዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በየትኛው ጎን ጀመረ፣ የዛን ቀን መድሃኒት ዘሎ ነበር ወይ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ እንቅልፍ አጥቶ ነበር ወይ። ሐኪሙ ጋ የምትቀመጡት ለ10 ደቂቃ ነው፣ «አልፎ አልፎ ይጥለዋል» ብላችሁ 10ሩን አትጨርሱት።

ፀሐይ፦ ይሄ በሽታ ይድናል ወይ?

ሲስተር፦ በትክክል ከታከመ ከ10ሩ 7ቱ ያህል ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይባላል። ሲፒ ያለበት ልጅ ላይ ይከብዳል፣ ግን የሚጥለውን ቁጥር መቀነስ ይቻላል። መድሃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ።

ወለተ ማርያም፦ ሲስተር እኔ ጸበል አስገብቻት ነበር፣ እዛ ያሉ ሰዎች መድሃኒት ይዘሽ ጸበል አይሰራም፣ እምነትሽ ጎዶሎ ነው አሉኝ። 2 ሳምንት አቆምኩት። አሁን በቀን 4 ጊዜ ይጥላታል።

ሲስተር፦ ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ሂጂ፣ ያቆምሽበትን ቀን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ አይቆጡሽም ቢቆጡሽም ቻይው። እኔ ልጄን አስጠምቃለሁ፣ ክኒኑን የምሰጠውም በጸበል ነው። ማን ተጣላ? ስታስጠምቂያት ብቻ አንገቷን ደግፈሽ ቀና አድርጊያት፣ በጀርባዋ ተንጋልላ ፊቷ ላይ ውሃ እንዳይለቀቅባት፣ የመዋጥ ችግር ያለበት ልጅ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል።

ተክሌ፦ ይቅርታ ሲስተር ግን ይሄ መንፈስ ነው፣ ሐኪም የማያየው ነገር አለ። የአጎቴ ልጅ በጸበል ብቻ ነው የዳነው።

የሰሚራ አባት፦ ወንድም ተክሌ እኛም ሰፈር ለልጄ ሩቅያ (የቁርአን ጸሎት) ይቀራላታል፣ ግን ሸኹ ራሳቸው መድሃኒቷን በሰዓቷ ስጧት ነው ያሉን።

ተክሌ፦ እሱ የናንተ ነው፣ እኔ የማወራው ስለኛ ነው።

ወለተ ማርያም፦ ተክሌ ልጅ አለህ?

ተክሌ፦ የለኝም ግን

ወለተ ማርያም፦ እሺ።

ሲስተር፦ በቃ በቃ። ጸልዩ፣ አስጠምቁ፣ አስቀሩ፣ መድሃኒት አታቋርጡ። ቀጣይ።

ትዕግስት ከደብረ ብርሃን፦ ልጄን ሲጥለው ጎረቤቶች ሮጠው ክብሪት ለኩሰው ያሸትቱታል፣ እውነትም ወዲያው ይነቃል። ጉዳት አለው?

ሲስተር፦ ክብሪት! ይሄን ስንቴ ልመልስ። ልጄ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ የክብሪት ነው፣ ያቃጠለችው የምወዳት ጎረቤቴ ናት። ትዕግስት ስሚኝ፣ አብዛኛው በ2 በ3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ነው የሚቆም። ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ተለኩሶ፣ ሰው ተጠራርቶ እስኪመጣ ጊዜው ይደርሳል፣ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስደዋል። አሁን ክብሪት ከመፈለግ ሰዓት እዩ። በጎን አስተኙት፣ ከራሱ ስር ልብስ አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር ፍቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም ውሃም አታስገቡ። የሚንቀጠቀጥ እጁን በግድ አትያዙት። ዊልቸር ላይ ከሆነና ከታሰረ እዛው ይቆይ፣ ራሱን ብቻ ደግፉለት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል። እኛ ቤት ሰዓት የምትይዘው የ10 ዓመቷ ልጄ ናት፣ ስልኬን አንስታ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ድምጿ እኔንም ያረጋጋኛል። አረፋውን ብትነኩት አይተላለፍም፣ ይሄንንም ለጎረቤት ንገሪልኝ።

ተክሌ፦ ክብሪት ግን በዓይኔ አይቻለሁ ሲሰራ

ሲስተር፦ ተክሌ ዛሬ ስራ የለህም?

ራሄል ኩዌት፦ ሲስተር እኔ ኩዌት ነኝ፣ ልጄ 8 ዓመቱ ነው ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ነው ያለው። ገንዘብ እልካለሁ፣ መድሃኒት ይገዛል፣ ግን በወር 3 ጊዜ ይጥለዋል ይሉኛል። እናቴ ማንበብ አትችልም። በምን እርግጠኛ ልሁን እዚህ ሆኜ እንቅልፍ አጣሁ

ሲስተር፦ አይዞሽ እህቴ። እንዲህ አድርጊ። ሁለት ስኒ ይዘጋጅ፣ የጠዋቱ ጆሮ ላይ ነጭ ክር፣ የማታው ላይ ጥቁር ክር ይታሰር። ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ማታ ማታ የነገውን ፍሬ በየስኒው ይጨምርላቸው፣ አያትየው ስኒውን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው ስራቸው። በኢሞ ስትደውዪ «ደህና ነው ወይ» አትበዪ፣ ደህና ነው ነው የሚሉሽ እንዳትጨነቂ። «ስኒዎቹን አሳዪኝ» በያቸው። የተረፈውን ክኒን በሳምንት አንዴ ካሜራ ፊት ይቁጠሩልሽ። ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው ይገዛ፣ ሲያልቅ አይደለም። በሰዓቱ ሁሉ ወስዶም በወር 3 ጊዜ ከጣለው ያኔ መድሃኒቱ መስተካከል አለበት፣ ሐኪም ጋ ይመለስ። ሌላው ምድጃ። አያት ቤት እሳቱ መሬት ላይ ነው፣ የሚጥለው ልጅ ፊትና እጁን የሚያጣው እዛ ነው። ምድጃው ከፍ ይደረግ ወይ ይከለል፣ አያቱ ቡና ሲያፈሉ ልጁ ከረከቦቱ ማዶ ይቀመጥ።

ራሄል ኩዌት፦ ሲስተር አለቀስኩ። ክሩን ዛሬ እነግራታለሁ

ሰላም፦ ለዊልቸር የት ልሂድ?

ሲስተር፦ ቼሻየር የሚባለውን የአካል ጉዳተኞች ድርጅት ጠይቂ።

አቤል፦ የመንግስት ድጋፍ ምናምን አለ ይባላል ለአካል ጉዳተኛ ልጅ?

ሲስተር፦ ወረዳህ ማህበራዊ ጉዳይ ሄደህ ጠይቅ። እኔ የወረዳ ሰው አይደለሁም።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ሲስተር፣ ለእህቴ ልጅ ከዚህ የተሻለ መድሃኒት ልልክ ነው፣ ለጓደኛዬ ልጅ ኬፕራ የሚባል ጀምረውላት ጸጥ አለች። ሰው አግኝቻለሁ ሰኞ ይሄዳል።

ሲስተር፦ ሚሚዬ ልብሽ መልካም ነው ግን ሰውየውን አስቁሚው። መጀመሪያ የልጁ ሐኪም አዟል? ለጓደኛሽ ልጅ የሰራ ለሱ ላይሰራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰኞ ሰው አገኘሽ፣ በ3ኛው ወርስ? መድሃኒቱን ለምዶት ሻንጣ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ያቋርጣል፣ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ላይ ጽፌዋለሁ፣ የፋሲካውን አንብቢ። መርዳት ከፈለግሽ ብሩን ላኪና እዚሁ የሚገኘውን የ2 ወር አስቀድመው ይግዙበት። አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም፦ ዴፓኪን ክሮኖ የሚባለው ክኒን የሚሰጣችሁ ካላችሁ አይፈጭም። ልጁ መዋጥ አልቻለም ብላችሁ በማንኪያ ደቁሳችሁ ገንፎ ውስጥ የምትከቱ አላችሁ፣ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሰራ ነው። ሽሮፕ ይሰጠን በሏቸው።

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ ግን እዛ ያለው ጥራቱ ይታመናል?

አቤል፦ ዳያስፖራ ሁሌ የኛን ማጣጣል

ሚሚ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማን አጣጣለ አቤል? የእህቴ ልጅ ነው እኮ

ሲስተር፦ አቤል ተዋት።

ዮናስ፦ ሲስተር በሽታው ይድናል?

ሲስተር፦ ለፀሐይ መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ሂድ።

የማክዳ እናት፦ ሲስተር ጎረቤት ሁሉ በምን ሃጢያት ነው ይለኛል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አስገባታለሁ። በኛ ብቻ የመጣ ይመስለኛል።

ሲስተር፦ በናንተ ብቻ? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ያጠኑት ጥናት አለ፣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ላይ ነው ያገኙት። ሰርግ ላይ 1000 ሰው ስትጠሪ 5 ቤት ጓዳው ውስጥ የደበቀ አለ ማለት ነው። ጓዳ ደግሞ ብቻዋን ስትሆን ብትወድቅ ማን ያያታል? አውጪያት። እና ዕድሜዋን እስካሁን አልነገርሽኝም።

የማክዳ እናት፦ 11

ሲስተር፦ ጎሽ። ቫልፕሮት (ዴፓኪን) ከሆነ የምትወስደው፣ ልጅቷ እየደረሰች ስለሆነ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሪበት፣ ወደፊት ለእርግዝና ጥሩ አይደለም። ግን አታቋርጪ!

ቤዛ፦ ሲስተር ከርዕስ ከወጣሁ ይቅርታ፣ የኔ ልጅ አይጥለውም። 7 ወሩ ነው። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ እንደደነገጠ ሰው እጁን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይደግማል፣ 15 ጊዜ ያህል፣ ከዛ ያለቅሳል። እናቴ ቁርጠት ነው ትላለች፣ ያየው ሐኪም ደግሞ ድንጋጤ ነው ሲያድግ ይተወዋል አለኝ። መቀመጥ ጀምሮ ነበር አሁን ትቶታል።

ሲስተር፦ ሌሎቻችሁ ቆዩኝ። ቤዛ፣ ከርዕስ አልወጣሽም፣ ዛሬ ከተጠየቀው ሁሉ አስቸኳዩ ያንቺ ነው። መውደቅና አረፋ መድፈቅ ብቻ አይደለም የሚጥል በሽታ። ሲነሳ እየተደጋገመ ተከታትሎ የሚመጣ፣ የቻለውን ነገር እየተወ የሚሄድ፣ ኢንፋንታይል ስፓዝም የሚባል አለ፣ የሚጀምረውም በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ነው አላልኩም፣ ግን ይመስላል፣ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሳምንት የጭንቅላቱ ዕድገት ላይ ይቆጠራል። ፊኖ እዚህ ላይ ብዙም አይሰራም፣ የራሱ መድሃኒት አለው፣ ስቴሮይድ ወይም ቪጋባትሪን የሚባል፣ ስለዚህ ፊኖ ጽፈው ከሸኙሽ ኢኢጂ (የጭንቅላት ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይሰራለት በያቸው። ነገ ጠዋት ሳይነሳ ስልክሽን ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ከመጀመሪያዋ ደፋ ጀምሮ እስኪያለቅስ ቅረጪው፣ ፊቱም እጁም እግሩም ይታይ፣ ብርድ ልብሱን አንሺለት። በአፍ ብትነግሪያቸው ድንጋጤ ነው ብለው ይመልሱሻል፣ ቪዲዮውን ሲያዩ አይመልሱሽም።

ቤዛ፦ ትናንት የቀረጽኩት አለ፣ እናቴ እንድታይ ብዬ። በውስጥ ላኩልሽ

ተክሌ፦ ስለ ኪቶ ዳይት፣ ቅባት የበዛበት ምግብ ለሚጥል የሚባለው፣ ምን ትያለሽ ሲስተር

ሲስተር፦ ያለ ሐኪም አይሞከርም። ቤዛ አየሁት። እስከ ነገ አትጠብቂ፣ ቪዲዮው በቂ ነው። አሁኑኑ የሕፃናት ድንገተኛ ያለው ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ ዛሬ ካላዩሽ ሰኞ 1 ሰዓት ካርድ ክፍል በር ላይ ቁሚ፣ የሕፃናት ኒውሮሎጂ ሪፈር ጻፉልኝ በያቸው። ስልክሽ ቻርጅ አለው?

ቤዛ፦ 30 ፐርሰንት

ሲስተር፦ ቻርጀሩን ያዢ። ቪዲዮውን ለባልሽም ላኪለት።