ዳኛ ሕግ ይለውጣል? ስለ ሕግ መሠረታዊ ሐሳቦች ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በወንጀል ተከሶ ነፃ ከወጣ በኋላ በዚያው ድርጊት ካሳ ክፈል ሊባል ይችላል?

በብዙ አገሮች አዎ። ልዩነቱ ያለው ማስረጃው በሚመዘንበት ደረጃ ላይ ነው። በወንጀል ክስ ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በፍትሐ ብሔር ክርክር ግን፣ በተለይ የእንግሊዝን ሥርዓት በሚከተሉ አገሮች፣ የከሳሹ ማስረጃ ከተከሳሹ ካመዘነ ይበቃል። እናም «ነፃ ወጣ» ሲባል ዐቃቤ ሕግ የማስረዳት ሸክሙን አልተወጣም ማለት እንጂ «አለማድረጉ ተረጋገጠ» ማለት አይደለም። የወንጀሉን ፍርድ ለካሳው ክርክርም አስገዳጅ የሚያደርጉ አገሮች ስላሉ፣ ጉዳዩ የሚታይበትን አገር ሕግ ሳያዩ መደምደም አይገባም።

ጥያቄ፦ ሲፈጸም ያልተከለከለ ድርጊት በኋላ በወጣ ሕግ ያስቀጣል?

በወንጀል አያስቀጣም። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 15 ይህን ይከለክላል። ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ቅጣቱን የሚያቀል ሕግ ከወጣ ደግሞ ጥፋተኛው በቀለለው ቅጣት እንዲጠቀም ይኸው አንቀጽ ያዝዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው። ክስ አቀራረብን የሚመለከት አዲስ ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የተጀመሩ ጉዳዮችንም ወዲያው ይይዛል። ስለዚህ አዲስ አዋጅ ሲወጣ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ያሉትን የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች (አዲሱ ሕግ ቀድሞ የተጀመሩ ጉዳዮችን እንዴት እንደሚይዝ የሚናገሩትን) ሳያነቡ አይለፉ።

ጥያቄ፦ ሕግ የሚያወጣው ፓርላማ ከሆነ ዳኞች ሕግ ይለውጣሉ የሚባለው ከየት መጣ?

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። በ1928 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ፔይዝሊ በተባለች ከተማ፣ አንዲት ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል ለስላሳ ጠጣች። ጠርሙሱ ውስጡን አያሳይም ነበር። የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፣ ታመምኩም ብላ አምራቹን ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው ራሷ ስላልሆነች በውል መክሰስ አትችልም፤ ከአምራቹ ጋርማ ጭራሽ ውል የላትም።

በ1932 በጊዜው የብሪታንያ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት 3 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ አምራች ውል ባይኖርም ለመጨረሻው ተጠቃሚ የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። የዛሬው የቸልተኝነት ኃላፊነት ሕግ በእንግሊዝ ሥርዓት ውስጥ በዋናነት ከዚህ የተገነባ ነው።

ልብ በሉ፤ ቀንድ አውጣው በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ መኖሩ በማስረጃ አልተረጋገጠም። የተመረመረው «ያለችው ሁሉ እውነት ቢሆን ሕጉ ያስከስሳል ወይ?» የሚለው ብቻ ነበር። የሕግ ጭብጥ (ሕጉ ምን ይላል?) እና የፍሬ ነገር ጭብጥ (በእርግጥ ምን ተፈጸመ?) የሚለያዩት እንዲህ ነው።

ሕጋቸው በኮድ፣ ማለትም በአንድ የሕግ መጽሐፍ፣ በተጠቃለለባቸው አገሮችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የ1804ቱ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1382 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይካስ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ቁጥሩ በ2016 ወደ 1240 ተቀየረ እንጂ ቃሉ አልተለወጠም። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የተለወጠው ፍርድ ቤቶች የሰጡት ትርጉም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፍርድ ቤት ከራሱ ቀደምት ውሳኔ መውጣት ይችላል?

እንደ አገሩና እንደ ጊዜው ይለያያል። የሎርዶች ምክር ቤት በ1898 በራሴ ውሳኔ እገደዳለሁ አለ፤ በ1966 ደግሞ ተገቢ ሆኖ ሲያገኘው ሊወጣ እንደሚችል አስታወቀ። አስገዳጅ የሚሆነውም ፍርዱ የቆመበት ምክንያት ነው፤ ዳኛው በጎን የተናገረው አስተያየት አይደለም። ፍርድ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ የሚሳተው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ለምን ያስፈልጋል? እውነት ጊዜ ያልፍበታል?

እውነቱ አያልፍበትም፤ ማስረጃው ግን ይጠፋል። ምስክር ይሞታል፣ ሰነድ ይቃጠላል፣ ደረሰኝ ይጣላል። ከክርክሩ በፊት ጊዜው መቆጠር የጀመረበትን ቀን ያረጋግጡ፤ ከጊዜው ርዝመት ይልቅ የሚያከራክረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሕጉን አንብቤ ገባኝ ስል ጠበቃ ተቃራኒውን ነገረኝ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

ምናልባት አንዱን አንቀጽ ብቻ ነጥለው አንብበው ይሆናል። መጀመሪያ የትርጓሜ አንቀጹን ይዩ፤ እዚያ የተተረጎመ ቃል በሕጉ ውስጥ የዕለት ተዕለት ትርጉሙን ላይዝ ይችላል። ቀጥሎ «በሌላ ሕግ የተደነገገው እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ሐረግ ካለ ያንን ሌላ ሕግ ያውጡ። «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ይለዩ። በመጨረሻ አንቀጹ ተሻሽሎ ወይም ተሽሮ እንደሆነ ያጣሩ፤ የተሻረ ሕግ በብዙ ሰው እጅ ዛሬም እየተነበበ ነው።