ሰሊጡ የመተማ፣ ዋጋው የቻይና

ጥያቄ፦ ማሳዬ መተማ ነው፤ ሰሊጤን የምሸጠው ጎንደር አምጥቼ ነው። ዋጋው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወርድ ነጋዴው «ቻይና አልገዛ አለች» ይለኛል። እውነቱን ነው ወይስ ዋጋ ሊሰብርብኝ ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ሂሳብ ነው።

ቻይና የዓለም ትልቋ ሰሊጥ ገዢ ናት። ሻጮቿ ግን ብዙ ናቸው፤ ሱዳን፣ ኒጀር፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለብራዚል ሰሊጥ በር የሚከፍት ስምምነት ፈረመች። የብራዚል ሰፋፊ እርሻዎች የሚያጭዱት በማሽን ነው፤ የእርስዎ ሰሊጥ ግን በሰው እጅ ታርሞ፣ ታጭዶ፣ ታስሮ ነው የሚራገፈው። ዋጋ ሲወድቅ ቀድሞ የሚጎዳውም ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ይህ ብዙ ሊነገርለት ሲገባ ይታለፋል።

ሌላው ምክንያት እዚሁ አገር ቤት ያለ ነው። ለዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ሰሊጥ በኪሳራ ሸጠው፣ በሚያገኙት ዶላር ዕቃ አስገብተው ያካክሱ ስለነበር የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለሙ በላይ ይወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ጥቅም ቀንሷል። ስለዚህ የድሮውን ዋጋ መለኪያ አያድርጉ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሰሊጥ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሸጥበትን የአንድ ቶን ዋጋ በዶላር ይያዙ፣ በባንክ ምንዛሪ ያባዙ፣ ለ10 ያካፍሉ፤ የኩንታሉ ዋጋ ይመጣል። ለምሳሌ ቶኑ 1,500 ዶላር፣ ዶላሩ 130 ብር ቢሆን ኩንታሉ 19,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ የማበጠሪያ፣ የጅቡቲ ማጓጓዣ፣ የባንክ ወለድና የላኪው ትርፍ ይቀነሳል። ቀሪው ከተሰጠዎት ዋጋ በብዙ ከበለጠ፣ ዋጋው የተሰበረው እዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የዕለት ዋጋም ያመሳክሩ።

በእጅዎ ያለው ትልቁ ነገር ንጽሕናው ነው። የታችኛው ቅጠል ረግፎ ተክሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይጨዱ፤ ከዘገዩ ፍሬው ማሳው ላይ ይፈሳል። ነዶውን ቀጥ አድርገው አቁመው ሁለት ሳምንት ያህል ያድርቁ። ሲያራግፉ የግድ ሸራ ያንጥፉ፤ አፈር ላይ ከተራገፈ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክል ጠጠር ይገባበታል፣ ወንፊት የሚለየው በመጠን ስለሆነ ያንን አያወጣውም። በኩንታል 4 ኪሎ ባዕድ ነገር ካለ፣ ገዢው 4 ኪሎውን ብቻ አይቀንስም፤ ደረጃውንም ይቀንሳል።

የተባይ መድኃኒት ኬሻው ላይ አይነስንሱ። ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ገደብ ላልወጣለት መድኃኒት የሚፈቅዱት በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የህንድ ሰሊጥ ላይ ኢትሊን ኦክሳይድ የሚባል ጀርም መግደያ ጋዝ ተገኝቶ በአውሮፓ ብዙ ምግቦች ከመደርደሪያ ተነሥተዋል።

ጥያቄ፦ ዋጋ እስኪወጣ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ የብድር ወለድ የሚቆጥርብዎት ከሆነ አይመከርም። ካልሆነ ግማሹን ሸጠው ዕዳዎን ይክፈሉ፣ ግማሹን ያቆዩ፤ ግን ከግንቦት ብዙ አያሳልፉ፣ ያኔ የታንዛኒያና የሞዛምቢክ አዲስ ምርት ይደርሳል። በደንብ ያልደረቀውን አያከማቹ፤ ይሻግታል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ኬሻውን ከግድግዳ አርቀው እንጨት ርብራብ ላይ ይደርድሩ።