ሩሙን በአረቄ፣ ስኳሩን በማር? ስለ ዳይኪሪ የደረሱኝ ጥያቄዎች

ዳይኪሪ ስለሚባለው የኩባ ኮክቴል ከጻፍኩ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ይሄን በዚያ ብቀይረውስ?» መነሻውን ላስታውስ። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 20 ሚሊ ሊትር አሁን የተጨመቀ ሎሚ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስኳሩን በሎሚው ያሟሙ፤ ሩምና በረዶ ጨምረው ይናጡ፤ ያጥልሉ። በቃ። ሲቀይሩ ደግሞ ባንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀይሩ፤ አለዚያ ያበላሸው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

በስኳር ፋንታ ማር አደረግኩ። ማሩ ከሥር ተጣብቆ ቀረ።

እኔም ደርሶብኛል። ማር በረዶ ሲነካው ይጠጥራል እንጂ አይሟሟም። ብርዝ የበጠበጠ ሰው መላውን ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ። ማርና ውሃ እኩል በጥብጠው ያቀዝቅዙት፤ ከሱ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ነጭ ማር ይሻላል፤ ጠቆር ያለው ሩሙን ይጫነዋል።

ሩም ውድ ነው። በአረቄ ይሆናል?

ይሆናል፤ ያውም ያለ እፍረት። ኩባ ውስጥ ትሪኒዳድ በምትባል ከተማ ካንቻንቻራ የሚሉት መጠጥ አለ። ከሸንኮራ አገዳ የወጣ አረቄ፣ ማር፣ ሎሚና ውሃ ነው፤ የሚቀርበውም በሸክላ ኩባያ። እኛ ማሩም ሸክላውም አለን። ችግሩ ጉልበቱ ላይ ነው። የፋብሪካ ሩም አብዛኛው 40 በመቶ አካባቢ ነው። የቤት አረቄ፣ በተለይ ዳግም ከሆነ፣ ስንት እንደሆነ ማን ጽፎበት? ስለዚህ ከ60 ሳይሆን ከ30 ይጀምሩ። ከማያውቁት ሰው ደግሞ አይግዙ። ኡዞ ግን ይቅርብዎት፤ አኒሱ ሎሚውን ድራሹን ያጠፋዋል።

ዋሽንግተን ነው ያለሁት። ሎሚ ስትል አረንጓዴው ነው ቢጫው?

አረንጓዴው፣ ላይም የሚሉት። የኛዋ ትንሿና ልጣጯ ስስ የሆነችው ሎሚ እዚያ ኪ ላይም ተብላ ትሸጣለች፤ ካገኙ እሷን ይግዙ። ትልቁ ቢጫ ሌመን ሌላ ፍሬ ነው። የሚጠጣ ነገር ይወጣዋል፤ ዳይኪሪ ግን አይወጣውም።

ሻከር (መናጫው ዕቃ) የለኝም።

ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስና የሻይ ማጥለያ። እጅዎን ብርድ እስኪሰማው፣ 15 ሰከንድ ያህል ይናጡት።

ከማንጎ ጋር ብፈጨውስ?

ሃቫና ያለው ኤል ፍሎሪዲታ የሚባል ባር ስሙ የገነነው በረዶው በተፈጨ ዳይኪሪ ነው፤ ስለዚህ መፍጨቱ ነውር የለውም። ማንጎ ሲገባ ሎሚውን እጥፍ ያድርጉ፣ ስኳሩን ይተዉት። ለኔ ግን ያ ሩም የነካው ጁስ ነው።

አልኮል የማይጠጣ እንግዳ አለኝ።

ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ወፍራም ሻይ ያቀዝቅዙና በሩሙ ቦታ 60 ያድርጉ። ሎሚውና ስኳሩ ባሉበት ይቆዩ። ብርጭቆው ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ማታውን ሙሉ «ምነው አትጠጣም?» ከሚሉት ሰዎች ያድነዋል።