መልስ፦ ተራ የቺካጎ ቡንጋሎ ቤት «ቅርስ» ሊባል ይችላል?

ጠያቂያችን፣ በአሜሪካዋ ቺካጎ የገዙት፣ በእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ የተሠራ «ቡንጋሎ» የሚባል ዝቅ ያለ አነስተኛ የጡብ ቤት፣ ስመ ጥር አርክቴክት ያልነደፈው ሆኖ ሳለ እንዴት ቅርስ ሊባል እንደሚችል፣ መስኮቶቹንም በፕላስቲክ መቀየር ያስጠይቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ዋጋው ከብዛቱ የሚመነጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ወደ 80,000 የሚጠጉ ቡንጋሎዎች በከተማዋ የተሠሩ ሲሆን፣ ብዙ ሠራተኛ ቤተሰብ ኤሌክትሪክና መታጠቢያ ያለው የራሱን ቤት ያገኘው በእነርሱ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት አንዱ ቤት ለብቻው ሳይሆን፣ ጣሪያውም ከመንገድ ያለው ርቀትም ከጎረቤቶቹ ጋር የተስተካከለው መላው ረድፍ ነው።

እስቲ ከፊት ለፊቱ ቆመው ይመልከቱት፦ መንገዱን የሚያየው ግድግዳ በተመረጠ ጡብ ተሠርቶ፣ የጎኑና የጓሮው ግን በርካሽ ጡብ የተጨረሰ ነው (ቁጠባውም የታሪኩ አካል ነው)። በመስኮቶቹ ላይ ባለ ቀለም መስታወት ካለ፣ እርሱን አውጥቶ መጣል ከሁሉ የከፋው ጥፋት ይመስለኛል፤ ከውጭ ተጨማሪ መስኮት ቢያስገጥሙለት ብርዱን ይከላከልልዎታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በርካታ የቡንጋሎ ሰፈሮች በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍረዋል፤ ይሁን እንጂ ምዝገባው ብቻውን በግል ገንዘቡ የሚያድስን ባለቤት አይከለክልም። ጥብቅ የሚሆነው የከተማው የራሱ የቅርስ ስያሜ ስለሆነ፣ ቤትዎ በየትኛው ሥር እንደሚገኝ አስቀድመው ያረጋግጡ።