ኮሌጅ ጨርሳችሁ ሕክምና ከመጀመራችሁ በፊት ስላለው ዓመት

ለሕክምና ትምህርት ለምትዘጋጁ ልጆቻችን፤

በሜሪላንድ ባዮሎጂ አጥንታ ልትመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት የወዳጄ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ለሕክምና ትምህርት ቤት ሳላመለክት አንድ ዓመት ብሠራ ሰው ምን ይለኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ፈተናው ብትጠይቀኝ ኖሮ ወዲያው እመልስላት ነበር፤ ያስጨነቃት ግን የሰው ወሬ በመሆኑ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው የራሴ ጸጸት ተቀሰቀሰብኝና ይህን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኮሌጅ ስጨርስ፣ ለማመልከቻ የሚከፈል ገንዘብ እንኳ ስላልነበረኝ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በነርስ ረዳትነት ተቀጠርኩ። ሥራው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ መነሣት የማይችሉትንም ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበር። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ ስለማይታይ ዓይንን ብቻ ማመን እንደማይገባ፣ ዳሌና ተረከዝን በእጅ እየዳሰሱ ሙቀቱንና መጠጠሩን መለየት እንደሚያስፈልግ ያስተማሩኝ ከጃማይካ የመጡ አንዲት አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው። በስትሮክ ምክንያት አንደበታቸው የተያዘ አንድ ጡረተኛም ነበሩ፤ የሚፈልጉትን እያወቁ ቃሉ አልወጣ ይላቸዋል። ወደ መስኮቱ ሲመለከቱ መጋረጃው እንዲከፈትላቸው፣ ከንፈራቸውን ሲነክሱ ደግሞ ሕመም እንደተሰማቸው ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በኋላ ስለ ስትሮክ ስማር፣ መምህሩ የሚናገረው ሁሉ በእርሳቸው ፊት ላይ ይታየኝ ነበር።

አባቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ድሬሰር ነበር። ቁስል ሲያጥብና ሲጠቀልል አጠገቡ ቆሜ እያየሁ አድጌአለሁ። በሚጽፍልኝ ደብዳቤ ሁሉ ሕክምናው ስንተኛ ዓመት እንደደረሰ ይጠይቀኛል፤ እኔም ደኅና መሆኔን ብቻ ጽፌ አልፈዋለሁ። ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው ብሎ ለጎረቤት የተናገረ አባት፣ ልጁ ሽማግሌ ያጥባል ቢባል ያፍራል ብዬ ሰጋሁ። ከዘመዶቼ ሁሉ ግን ያን ሥራ ከልቡ ሊረዳ የሚችል ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። ስለ ተረከዝ ቁስል ብጽፍለት ኖሮ፣ እርሱ በምን ያጥበው እንደነበር፣ ፋሻ ሲያልቅበትም ምን ያደርግ እንደነበር ይጽፍልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለተኛ ዓመት ሳልደርስ ዐረፈ። አንድም ቀን እንደ ሥራ ባልደረቦች ሳንጨዋወት ቀረን፤ ከዚያ ዘመን የሚቆጨኝ ይኸው ነው እንጂ መዘግየቴ አይደለም።

ዛሬ በአሜሪካ ሕክምና ከሚጀምሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆዩ ናቸው። አገር ቤት ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ሌላ ዲግሪ ሳያስፈልገው ሕክምና ስለሚማር፣ ወላጆቻችሁ ይህን ዓመት ትምህርት ማቋረጥ አድርገው ቢያዩት አይፈረድባቸውም። እዚህ ግን ማመልከቻው ራሱ ዓመት ይበላል፤ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ያስገባ ሰው ትምህርት የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወይም በነሐሴ ገደማ ነው። ሳያርፍ ልግባ የሚል ተማሪ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቱን እንደጨረሰ ማመልከት አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙው ሰው አንድም ሕመምተኛ በቅርብ አላየም።

እናንተ ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ከበሽተኛ አጠገብ የቆማችሁበትን ሰዓት ለማመልከቻ ብላችሁ በሠንጠረዥ ስትደምሩ ሳይ አዝናለሁ። ከሆነላችሁ የምትሠሩበት ቦታ አንድን ሕመምተኛ ለወራት ደጋግማችሁ የምታዩበት ይሁን። አትቸኩሉ እያልኩ፣ ኮሌጅ ከጨረሰ በሦስተኛው ዓመት «ገና እያሰብኩ ነው» የሚለኝን ወጣት ስሰማ ትዕግሥቴ እንደሚያልቅ አልደብቃችሁም። የኤምካት፣ ማለት የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና፣ ውጤትም ቢሆን ዘላለም አይቆይም፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ የቆየውን አይቀበሉም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ከግቢው ሳትወጡ፣ ፊታችሁን ሳይረሱ ጠይቋቸው።

ገንዘብ ከቸገራችሁ፣ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ለሚገባቸው አመልካቾች የኤምካትን ክፍያ ይቀንሳል፣ እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶችም በማኅበሩ በኩል የሚከፈለውን የማመልከቻ ክፍያ ያነሣል። አስቀድማችሁ የከፈላችሁትን ስለማይመልስ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የወላጆቻችሁን የገቢ ማስረጃም ይፈልጋል፤ ማስረጃውን ልትጠይቋቸው ስትቀመጡ፣ በዚያ ዓመት የት እንደምትሠሩና ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትሠሩ አብራችሁ ንገሯቸው።