የዳርት ተንታኙ ፍላጻው ከመወርወሩ በፊት እንዴት ያውቃል?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ዳርት (ፍላጻ ወደ ክብ ቦርድ የመወርወር ጨዋታ) ሻምፒዮና ፍጻሜ ማይክል ስሚዝ 501ዱን በዘጠኝ ፍላጻ ሲጨርስ በቴሌቪዥን ድምፁ የተሰማው ዌይን ማርድል ራሱ ተጫዋች ነበር? ተጫዋቹ የት ላይ እንደሚወረውር ቀድሞ የሚናገረውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ተጫዋች ነበር፤ ያውም ተመልካች አጥብቆ የሚወደው። በ1973 የተወለደው ይህ እንግሊዛዊ ደማቅ የሃዋይ ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ ይወጣ ስለነበር «ሃዋይ 501» ይሉታል። 501 ሁለቱም ተጫዋቾች እያንዳንዱን ሌግ (በግጥሚያው ውስጥ ያለ አንድ ዙር ጨዋታ) የሚጀምሩበት ነጥብ ነው። የዓለም ዋንጫ አላነሳም። ትልቁ ድሉ በ2008ቱ ሻምፒዮና ሩብ ፍጻሜ ፊል ቴይለርን 5 ለ 4 መርታቱ ነው። ቴይለር ከ1994 እስከ 2007 በተደረጉት 14 የፒዲሲ (የፕሮፌሽናል ዳርት ድርጅት) የዓለም ሻምፒዮናዎች አንድም ፍጻሜ አምልጦት አያውቅም ነበር። ማርድል ግን በግማሽ ፍጻሜው ስሙ ብዙም ባልተሰማው በኪርክ ሼፐርድ 6 ለ 4 ተሸነፈ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ነጥቡ ከ501 እየተቀነሰ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ፍላጻ የግድ ዳብል ላይ (ቁጥሩን በሁለት በሚያባዛው በውጭኛው ጠባብ ቀለበት) ወይም መሃል ቡል ላይ (የቦርዱ እምብርት) መሰካት አለበት። 141 ሲቀር የተለመደው መንገድ ትሪፕል (ቁጥሩን በሦስት የሚያባዛው ቀለበት) 20፣ ትሪፕል 19፣ ዳብል 12 ነው፤ 60፣ 57 እና 24። የመጀመሪያው ፍላጻ ስቶ ተራው 20 ላይ (ቁጥሩ በማይባዛበት ክፍል) ቢያርፍ 121 ይቀራል። በሁለት ፍላጻ ሊዘጋ የሚችለው ትልቁ ነጥብ 110 ስለሆነ በዚያ የሦስት ፍላጻ ተራ መጨረስ አይቻልም፤ ተጫዋቹ ለሚቀጥለው ተራ ጥሩ ዳብል ወደማስቀረት ይዞራል። ማርድል ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ዳብል 16 የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ስቶ ተራው 16 ላይ ቢገባ ዳብል 8፣ እንደገና ቢስት ዳብል 4 ይቀራል። ዳብል 19 ላይ ስቶ ተራው 19 ላይ የገባ ግን ጎዶሎ ቁጥር ስለሚቀረው ቁጥሩን ሙሉ ለማድረግ ብቻ አንድ ፍላጻ ያባክናል።

በዚያ የ2023 ሌግ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ የስሚዝ ተጋጣሚ ማይክል ቫን ገርዌን ዘጠነኛውን ፍላጻ ዳብል 12 ላይ ሳተ፣ ወዲያው ስሚዝ እዚያው ዳብል 12 ላይ ሰካው። እንዲህ ያለ ሌግ በዳርት ታሪክ ተወዳዳሪ የለውም ብንል አናጋንንም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ቦርድ ስሰቅል ርቀቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ከወለሉ እስከ ቡሉ መሃል 1.73 ሜትር፣ ከቦርዱ ፊት እስከ መወርወሪያው መስመር 2.37 ሜትር። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከግድግዳው ሲለኩ ነው፤ የቦርዱ ውፍረት ስለሚረሳ ርቀቱ ያጥራል። ለማረጋገጥ ከቡሉ መሃል እስከ ወለሉ ላይ ያለው መስመር በሰያፍ ይለኩ፤ 2.93 ሜትር ገደማ ከመጣ ልክ ነው።