«አልፈለገችም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

በጤና ሙያ ለምትማሩ ልጆቼ፣

በሎስ አንጀለስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የጡት ካንሰር ታክመው ከዳኑ ሴቶች ጋር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከሜክሲኮ፣ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ነበሩ። በመዝገባቸው ላይ ደጋግሜ የጻፍኳትና ዛሬም የምታሳፍረኝ አንዲት ቃል አለች፦ «አልፈለገችም»።

አልፈለገችም የተባለችው የዘረ መል ምክርን ነው። ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በሽታው የሚመጣው በዘር በሚተላለፍ ጉድለት ነው። በይበልጥ የሚታወቁት ብራካ 1 እና ብራካ 2 በተባሉ ዘረ መሎች ላይ የሚገኙት ሲሆኑ፣ ጉድለቱ ያለበት ወላጅ፣ እናትም ሆነ አባት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ ሴትየዋን የቤተሰቧን የሕመም ታሪክ ጠይቆ ስለ ዘረ መል የደም ምርመራ ወደሚያስረዳት አማካሪ እንልካታለን። ትቀራለች። ባልደረቦቼ «ሁሉን ለእግዚአብሔር ነው የሚተዉት» ይሉ ነበር፤ እኔም አምኜ ኖርኩ። ስለ እኛ አገር ሰውም እንዲሁ ሲባል ስለምሰማ ነገሩ ሊከነክነኝ ይገባ ነበር።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት የሜክሲኮ ተወላጅ እናት ናት። ቀጠሮዋን ሁለት ጊዜ ካሳለፈች በኋላ ምክንያቱን በስልክ አስተርጓሚ ጠየቅኳት። በስፓኒሽ «ኮንሴሄሪያ» ስትባል፣ ትዳሩ ለታወከ ወይም መንፈሱ ለተረበሸ ሰው የሚሰጥ ምክር መስሏት ኖሯል። «እኔ ምን አጥፍቼ ነው የምመከረው?» አለች። በእኛስ ቋንቋ ምክር ሲባል ሽማግሌ ተቀምጦ የሚገሥጸን አይደል የሚመስለን?

የባሰው ጥፋት ግን የእኔ ነበር። መጀመሪያ ነገሩን ያስረዳኋት በአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ አስተርጓሚነት ነው፤ ባለሙያ እያለ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ! «ሴት ልጆችዎም ሊወርሱት ይችላሉ» የሚለው ላይ ስደርስ ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ አንድ አጭር ነገር ተናግራ ጨረሰች። ያንን ልጅ የራሷን አደጋ ለእናቷ ንገሪ እያልኳት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ ይህን አታድርጉ። መዝገቡን ከመሙላታችሁ በፊትም ሴትየዋ ምን እንደሰማች ራሷን ጠይቋት።

በሚገባት ቋንቋ ስናነጋግራት ጥያቄዋ ጎረፈ። የምርመራው ዋጋ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈጥሮ ዘረ መል በፓተንት አይያዝም ብሎ ከወሰነ ወዲህ በብዙ ወርዷል። መድኑስ? እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የአሜሪካ ሕግ የጤና መድን ድርጅትና አሠሪ በውጤቱ እንዳያገልሏት ይከለክላል፤ የሕይወት መድንን ግን አይነካም፤ ይህንንም ሳንሸሽግ ነገርናት። «ለእኔማ አለፈ። ለሴቶች ልጆቼ ከሆነ ደሜን ውሰዱ» አለች።

አማካሪዋ ሴቱን በክብ፣ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ የሞተውን በሰያፍ መስመር እያመለከተች የዘር ሐረጓን ስትስል፣ እርሷ የእናቷን ወገን ብቻ ዘረዘረች። የጡት ሕመም በአባት በኩል ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም። ስትጠየቅ ሆዷ አብጦ የሞተች አንዲት የአባቷ እህት ትዝ አለቻት። አማካሪዋ እስክሪብቶዋን አቆመች፤ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚያመነጨው እጢ) ካንሰርም ከእነዚሁ ጉድለቶች ጋር ይመጣልና። እሁድ ሜክሲኮ ውስጥ ወዳለው ኦዋሃካ ደውላ ልታጣራ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ልጅቷ በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።